ዘግይቶ የመጣው ሻምፒዮን

«በቃ፣ ጊዜዬ አልፏል» ሲባል ስትሰሙ ምን ይሰማችኋል? ሠላሳን የተሻገረ ወጣት የትምህርት ነገር ሲነሣበት ይህንኑ ይላል። አርባ የሞላት እናት ድሮ ስታስበው ስለነበረ ንግድ ስትጠየቅም እንዲሁ ትላለች። ዓመታቱን በስደት አገር እየሠራ ለቤተሰቡ ያዋለ ወንድማችን ደግሞ ስለ ራሱ ዕቅድ ሲጠየቅ ወሬውን በዚሁ ቃል ይዘጋዋል። ቃሉ አጭር ነው፣ ግን ብዙ በር ይዘጋል። እኔ በበኩሌ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ሯጭ አለ፤ ስሙ አልበርት ሂል ይባላል። ዛሬ በደንብ ላስተዋውቃችሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂል የተወለደው በመጋቢት ወር 1889 በደቡብ ለንደን፣ ቱቲንግ በሚባል ሰፈር ነው። የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን በብሪታንያ አትሌቲክስ ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች ብዙዎቹ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ልጆች ነበሩ፤ ጊዜም ገንዘብም ነበራቸው። ሂል ግን የሚሮጠው የእንጀራ ሥራውን ጨርሶ ነው። ይህ ሰው በ1920 በቤልጂየሟ አንትወርፕ ከተማ በተካሄደው ኦሊምፒክ በ800 ሜትርም በ1500 ሜትርም የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። ያኔ 31 ዓመቱ ነበር፤ ኦሊምፒክ ላይ ሲሰለፍም የመጀመሪያው ነው።

ሁለቱን ርቀቶች በአንድ ኦሊምፒክ ማሸነፍ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሂል በፊት ያደረጉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ አውስትራሊያዊው ኤድዊን ፍላክ በ1896፣ አሜሪካውያኑ ጄምስ ላይትቦዲ በ1904 እና ሜል ሼፐርድ በ1908። ከሂል በኋላ ደግሞ ከወንዶች የኒውዚላንዱ ፒተር ስኔል በ1964 ደገመው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወንድ አልተገኘም።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፣ ለእኔና ለእናንተ የሚጠቅመው ያለው እዚያ ነውና።

ሂል ስሙ የተሰማው በ1910 ነው። የብሪታንያ አማተር አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ የአራት ማይል ውድድር አሸነፈ። አራት ማይል ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የረጅም ርቀት ሯጭ ውድድር ማለት ነው። 21 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ሲታይ «የነገው ሰው» ይባላል። ነገር ግን በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሲደርስ ሂል እዚያ አልነበረም። የ1500 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው አርኖልድ ጃክሰን የተባለ፣ በዕድሜ ሁለት ዓመት የሚያንሰው የኦክስፎርድ ተማሪ ነበር። እኩዮቻችሁ ሲመረቁ፣ ሲሾሙ፣ ሲያገቡ እያያችሁ «እኔስ?» ብላችሁ ከሆነ፣ ሂል በዚያ ክረምት የነበረበትን ቦታ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው የምወድለት። ሳም ሙሳቢኒ የሚባል አሰልጣኝ ጋ ሄደ። ሙሳቢኒ በዚያ ዘመን ሁሉም በሙሉ ልብ የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ለሥራው ክፍያ የሚቀበል ባለሙያ አሰልጣኝ ነው፤ የአትሌቲክሱ መሪዎች ደግሞ «ስፖርት ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አይሠራም» ባዮች ነበሩ። ሰውየው ግን ሩጫን ያጠና ነበር። የእጅ እንቅስቃሴን፣ የእርምጃን ርዝመት፣ በየዙሩ የሚወስደውን ሰዓት ይከታተላል። በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ወርቅ ያገኘው ሃሮልድ አብርሃምስም የእሱ ሠልጣኝ ነው፤ «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ሙሳቢኒን ታውቁታላችሁ።

በዚህ አሰልጣኝ እጅ ሂል ርቀቱን ቀየረ፤ ያውም ወደ ታች። ሯጭ ዕድሜው ሲገፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል ተብሎ ወደ ረጅም ርቀት መውጣት ነው የተለመደው። ከ1500 ወደ 5000፣ ከ10,000 ወደ ማራቶን። ሂል ግን በአራት ማይል ሻምፒዮን የነበረ ሰው ሲሆን ወደ ማይልና ወደ ግማሽ ማይል ወረደ። ሁለተኛው ዛሬ ለ800 ሜትር የሚቀርበው ርቀት ነው። በ1914 ሻምፒዮና በግማሽ ማይል አሜሪካዊውን ሆመር ቤከርን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። ሰዎች «የአንተ ቦታ ይህ ነው» ያሉትን ትቶ፣ ከዜሮ ተነሥቶ፣ ከአገሩ ምርጦች ጎን ተሰለፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። «አልተሳካልኝም» ከሚሉ ሰዎች ውስጥ ምን ያህሉ የተሳሳተ ርቀት ላይ እየሮጡ ይሆን? ሒሳብ አስተማሪ ሆኖ የደከመ ሰው መሣሪያ ጥገና ላይ ሲገባ ሊያበራ ይችላል። ሱቅ ከፍታ የከሰረች ሴት ለሌሎች ሱቆች ዕቃ በማቅረብ ልትከብር ትችላለች። ችግሩ እግራችሁ ላይ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ርቀቱን መርምሩ። ደግሞም ብቻችሁን አትመርምሩት፤ አካሄዳችሁን ከውጭ አይቶ እውነቱን የሚነግራችሁ አንድ ሰው ፈልጉ። ሂል በ1910 ሻምፒዮን ነበር፤ ቢሆንም እንደገና ተማሪ ለመሆን አላፈረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በነሐሴ 1914 ብሪታንያ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሂል 25 ዓመቱ ነበር፤ ለመካከለኛ ርቀት ሯጭ ዕድሜው ገና የሚያፈራበት ጊዜ። በበርሊን ሊካሄድ የነበረው የ1916 ኦሊምፒክ ተሰረዘ። ሂል በንጉሣዊው የአየር ጓድ ውስጥ ገብቶ ሦስት ዓመት ፈረንሣይ ውስጥ በሽቦ አልባ መገናኛ ኦፕሬተርነት አገለገለ።

«ሁሉም ለበጎ ነው» ብዬ ይህን ላልፈው አልፈልግም። ጦርነቱ ለማንም በጎ አልነበረም። በስቶክሆልም የ5000 ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኘው ፈረንሣዊው ዣን ቡዋን በ1914 ጦር ሜዳ ላይ ቀረ። የ1908ቱ የ400 ሜትር ሻምፒዮን ዊንድሃም ሃልስዌል በ1915 ተገደለ። ያ በስቶክሆልም 1500 ሜትር ያሸነፈው ጃክሰን ተርፎ፣ በጀግንነቱ ከፍተኛ ሽልማቶችን ተቀብሎ ተመለሰ፤ ቁስሉ ግን ዳግመኛ እንዳይሮጥ አደረገው። ስለዚህ ሂል በ1919 ወደ ለንደን ሲመለስ የያዘው ሀብት አንድ ነበር፦ በሕይወት መኖሩና እግሮቹ መሥራታቸው። 30 ዓመት ሞልቶታል። ከሻምፒዮንነቱ ዘጠኝ ዓመት አልፏል።

የተሰረቀ ዓመት አይመለስም። ይህን መካድ አያስፈልግም። ለሂልም የ1916ቱን ኦሊምፒክ ማንም አልመለሰለትም። እሱ የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በቀረኝ ምን ልሥራ? በዚያው በ1919 የብሪታንያ ሻምፒዮና ላይ ግማሽ ማይሉንም ማይሉንም አሸነፈ። በዚያው ዓመት ማይሉን በ4 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ ሮጦ ከ1902 ጀምሮ ቆሞ ከነበረው የብሪታንያ ክብረ ወሰን ጋር እኩል ገባ። ዓመቱን ሙሉ ስለጠፋው ጊዜ ሲያዝን ቢያሳልፈው ማንም አይፈርድበትም ነበር። ኀዘኑም ትክክል ይሆን ነበር። ግን የሻምፒዮናው ቀን ኀዘን እስኪያልቅ አይጠብቅም።

1920 ገባ፣ ነገሮችም እንደገና ተበላሹ። ሂል እግሩን ታመመ። በብሪታንያ ሻምፒዮና በግማሽ ማይል ለደቡብ አፍሪካዊው ቤቪል ረድ ተሸነፈ። ረድ በጦርነቱ የተሸለመ መኮንን፣ የኦክስፎርድ ሰው፣ ከሂል አምስት ዓመት የሚያንስ ኃይለኛ ሯጭ ነው። የቡድኑ መራጮች ደግሞ 31 ዓመት የሆነው ሰው ሁለት ውድድር ይችላል ብለው ለማመን ተቸገሩ። ሂል ሁለቱንም ካልሮጥኩ ብሎ ሊያሳምናቸው ግድ ሆነ።

ይህን ክፍል እንደ ቀላል ነገር አትለፉት። ብዙዎቻችን ሰው «አትችልም» ሲለን ወይ እንቆጣለን ወይ እናምነዋለን። ቁጣውም እምነቱም መጨረሻቸው ያው ነው፣ ወደ ቤት መመለስ። ሂል አልተቆጣም፣ አላመናቸውምም፤ ተከራከረ። ያውም ተሸንፎ በመጣበት ሰሞን! መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ። ማመልከቻ ለማስገባት፣ ደመወዝ ለማስጨመር፣ ዕድል ለመጠየቅ «ትንሽ ልጠንክርና» የምትሉ ሰዎች፣ ሂል የጠየቀው እግሩ እያመመው እንደነበር አስታውሱ።

አንትወርፕ ያኔ ከጦርነት ቁስሏ ገና ያላገገመች ከተማ ናት። ውድድሩ የተሰጣትም ቤልጂየም የከፈለችውን መከራ ለማክበር ነበር። አትሌቶቹ ያደሩት በትምህርት ቤት ሕንፃዎች ውስጥ ነው። መሙ በዝናብ ረጥቦ ከባድ ነበር። አምስት ቀለበት ያለበት የኦሊምፒክ ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተውለበለበው፣ የአትሌቶች ቃለ መሐላም የተጀመረው እዚያ ነው።

የሂል ፕሮግራም ደግሞ እንዲህ ነበር። ነሐሴ 15 ቀን የ800 ሜትር ማጣሪያ፤ በማግሥቱ ግማሽ ፍጻሜ፤ ነሐሴ 17 ፍጻሜ። ነሐሴ 18 የ1500 ማጣሪያ፤ ነሐሴ 19 ፍጻሜ። በአምስት ቀን አምስት ውድድር፣ አንድም የዕረፍት ቀን የለም። መራጮቹ የፈሩት በከንቱ አልነበረም።

የ800ውን ፍጻሜ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ረድ አለ፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሂልን ያሸነፈው ሰው። አሜሪካዊው ኧርል ኢቢም አለ። ረድ ፊት ወጣና ውድድሩን ወደ መጨረሻው ቀጥታ ይዞት ገባ። ሂል አልደነገጠም። ሙሳቢኒ ጉልበትን በርቀቱ ሁሉ ማከፋፈልን ነበር ያስተማረው። ደመወዙን በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት የጨረሰ ሰው መጨረሻው ላይ ከየት ያመጣል? ሂል ለወሩ መጨረሻ አስቀምጦ ነበር። በቀጥታው ላይ ረድን አልፎ በ1 ደቂቃ ከ53.4 ሰከንድ ገባ፤ አዲስ የብሪታንያ ክብረ ወሰን። ኢቢ ሁለተኛ፣ ረድ ሦስተኛ። በየ100 ሜትሩ ሲካፈል ወደ 14.2 ሰከንድ ይመጣል፤ ይህም ረጥቦ በከበደ መም ላይ፣ ለሦስተኛ ተከታታይ ቀን የሚሮጥ የ31 ዓመት ሰው የሮጠው ነው።

በዚያው ቀን የ5000 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው ፈረንሣዊው ጆሴፍ ጊየሞ ነው። በጦርነቱ በመርዝ ጋዝ ሳንባው ተጎድቶ የነበረ ሰው ነው፤ ያሸነፈው ደግሞ ወጣቱን ፓቮ ኑርሚን። ኑርሚ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ የሰበሰበ የፊንላንድ ጀግና መሆኑን ልብ በሉ። ያ ሜዳ ተጎድተው በተመለሱ ሰዎች የተሞላ ሜዳ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ የ1500ው ፍጻሜ ሆነ። በዚህ ውድድር ሂል ብቻውን አልነበረም። አብሮት የተሰለፈው የአገሩ ልጅ ፊሊፕ ቤከር ነው፤ በኋላ ፊሊፕ ኖኤል-ቤከር ተብሎ የታወቀው። የሁለቱን አስተዳደግ አስቡት። ቤከር የፓርላማ አባልና የፋብሪካ ባለቤት ልጅ፣ የካምብሪጅ ምሩቅ ነው። በኩዌከር እምነቱ ምክንያት መሣሪያ ባያነሣም በጦርነቱ በአምቡላንስ ጓድ ውስጥ ቁስለኞችን ሲያነሣ የከረመ ሰው ነው። ሂል ደግሞ የባቡር ሠራተኛ። በተራ ቀን ለንደን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። በአንትወርፕ መም ላይ ግን ጎን ለጎን ሮጡ። ቤከር ለራሱ ዕድል ከማሰብ ይልቅ ሂልን ከተፎካካሪዎቹ እየጠበቀ፣ ፍጥነቱን እየያዘለት ሄደ። ሂል በ4 ደቂቃ ከ1.8 ሰከንድ አንደኛ፣ ቤከር ተከትሎት ሁለተኛ ገቡ። አሜሪካዊው ላሪ ሺልድስ ሦስተኛ ወጣ።

የቤከር ነገር ልቤን ይነካኛል። ሁለተኛ ለመውጣት ተስማምቶ ለባልንጀራው የሮጠ ሰው በ1959 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። የኦሊምፒክ ሜዳሊያና የኖቤል ሽልማት ሁለቱንም ያገኘ ሌላ ሰው የለም። ለእኛ ደግሞ ሌላም ነገር አለው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን የመንግሥታቱ ማኅበር ቃሉን እንዲጠብቅ ሲሟገቱ ከነበሩ እንግሊዛውያን መካከል አንዱ ነበር። ከጎናችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ያዙት። ከሁሉም በላይ ግን ለሌላው እንዲህ ያለ ሰው ሁኑ፤ እሱ የሮጠው ለሂል ነበር፣ የራሱ ሕይወት ግን ከዚያ የተነሣ አልጎደለም።

ሂል በ3000 ሜትር የቡድን ውድድርም የብር ሜዳሊያ ጨምሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። «በክብር ይብቃኝ» ሊል ይችል ነበር። አላለም። በ1921 በ32 ዓመቱ ማይሉን በ4 ደቂቃ ከ13.8 ሰከንድ ሮጠ። ከዓለም ክብረ ወሰን የሚያንሰው በ1.2 ሰከንድ ብቻ ነበር። የሕይወቱን ፈጣን ማይል የሮጠው ሁሉም ሰው አብቅቶለታል ባለበት ዕድሜ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጫማውን የሰቀለው።

የሰቀለው ግን ለራሱ ብቻ ነው። ከሙሳቢኒ የተማረውን ይዞ አሰልጣኝ ሆነ። ሙሳቢኒ በ1927 ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት አልተቀበረም። በሂል እጅ ካለፉት ወጣቶች አንዱ ሲድኒ ውደርሰን ነበር፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ በሙያው የሕግ ሰው። መንገድ ላይ ብታዩት የዓለም ሯጭ ነው ብላችሁ አትገምቱም። በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ ላይ በቁርጭምጭሚት ጉዳት ምክንያት ከማጣሪያው አላለፈም። በአገሩ ሰው ዓይን የከሸፈ ተስፋ ሆኖ ተመለሰ።

ሂል ግን ይህን ታሪክ ከውስጡ ያውቀዋል። የተሰረዘ ኦሊምፒክ፣ የታመመ እግር፣ «አብቅቶለታል» የሚል ወሬ፤ አንዱም ለእሱ አዲስ አልነበረም። ልጁን አልተወውም። በነሐሴ 1937 ውደርሰን ሞትስፐር ፓርክ በሚባል ሜዳ ማይሉን በ4 ደቂቃ ከ6.4 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት የ800 ሜትርና የግማሽ ማይል ክብረ ወሰኖችን ደረበበት። እናንተ ዛሬ «የባከነ» የምትሉት ዓመት ነገ ለሌላ ሰው መንገድ የምታሳዩበት ዕውቀት ይሆናል፤ ሳይወድቁ የሄዱ ሰዎች ለውደርሰን ምን ሊሉት ይችሉ ነበር?

ሂል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ካናዳ ተሻገረ። በ1969 መጀመሪያ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ ለንደን በምትባለው የካናዳ ከተማ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱንም ርቀቶች ያሸነፈ ሌላ ብሪታንያዊ ሳያይ ሞተ።

ያንን ለማየት ብሪታንያ ከአንትወርፕ በኋላ 84 ዓመት መጠበቅ ነበረባት። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ 800ውንም 1500ውንም ያሸነፈችው ብሪታንያዊት ኬሊ ሆምስ ትባላለች። በወጣትነቷ ለብሪታንያ ጦር ሠራዊት ከባድ መኪና ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ለዓመታት ጉዳት ሲያመላልሳት ቆይቶ፣ አቴንስ ላይ የመነሻው መስመር ላይ ስትቆም 34 ዓመቷ ነበር።